ዳገት አሳጣሪው ጋሽ እዚችው

ተራራ ላይ በተሠራ ከተማ ሁሉ፣ አገሩ የትም ይሁን የት፣ መንገድ የሚያሳጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪም ላይኖር ይችላል፤ መብራት ሄዶ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ሰው ግን አለ። ወዴት እንደምትሄዱ ሲሰማ አገጩን ብቻ ቀና ያደርጋል። እናንተ ደመና ውስጥ የገባውን ጫፍ እያያችሁ አፋችሁ ሲደርቅ፣ እሱ «ምን ችግር አለው! እዚችው ጋ ናት» ይላችኋል። ታምኑታላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የእናንተ ጉዳይ ነው።

የእኛው ክቡርነታቸው ጋሽ እዚችው ይባላሉ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸው ሲታጠፍ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋ፣ ጡረታ የወጡ የውሃ መስመር ሠራተኛ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አለ ይባላል፤ እኔ ግን ሲጠሩበት ሰምቼ አላውቅም።

ከተማችንን ያላየ ሰው የጋሽ እዚችውን ድፍረት አይረዳውም። ከማዶ ሲያዩት አንድ ሰው ጫፉ ላይ ቆሞ ቤቶቹን እንደ ባቄላ የበተናቸው ይመስላል፤ ድንጋይ የያዘው ቀርቶ፣ ያልያዘው እስከ ገበያው ድረስ ተንከባሏል። የእኔ ደጃፍ ከታች ካለችው ጎረቤቴ ጣሪያ ጋር እኩል ነው። ልብስ ሳሰጣ ካልሲ ቢወድቅብኝ የማነሳው ከእሷ ቆርቆሮ ላይ ነው። የእሷ ካልሲ ልብስ ሰፊው ጣሪያ ላይ ያርፋል። የልብስ ሰፊው ካልሲ የት እንደሚደርስ ገበያ የሚውሉ ይጠየቁ። የኳስ ሜዳችን እንኳ ያዘነበለ ስለሆነ ጎል የሚገባው ወደ ታች ለሚጫወተው ቡድን ብቻ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ቦታ ይቀያየሩና ሌላው ደግሞ በተራው ያገባል።

ግን ደግሞ ጠዋት በር ስከፍት ደመናው ሳያንኳኳ ዘው ይላል። ጋረድ አድርጎኝ አልፎ ሲሄድ ሸለቆው እንዳለ ከእግሬ ሥር ይገለጣል። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ፣ ዛሬም አንዳንድ ቀን ልጄን አቅፌ ስቆም ጭልፊት ከበታቼ ስትዞር ጀርባዋን አያለሁ። የወፍ ሆድ ሁሉም ሰው ያያል፤ ጀርባዋን ከላይ ሆኖ ማየት ለስንቱ ይደርሰዋል? ምጣዱ ላይ የጣድኩት ሽንኩርት እስኪያር ድረስ ፈዝዤ የቀረሁበት ቀን አለ።

እንዲህ ባለ አገር «ቅርብ ነው» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የከተማው ሰው ከልማድ ብዛት የጋሽ እዚችውን ንግግር መመንዘር ተምሯል። «እዚችው ጋ ናት» ካሉ አንድ ሰዓት ነው። «ከዚያች ዛፍ ወዲያ ናት» ካሉ ሁለት ሰዓት ያዙ፤ ዛፏ ከተቆረጠች ሰባት ዓመት ሆኗታል። «አንድ ትንፋሽ ናት» ካሉ ደግሞ ምሳ ቋጥሩ፣ ለቤተሰብም ተናገሩ። እንግዳ ሰው መንገድ ሲጠይቃቸው ከኋላቸው የቆምን ሁሉ ትክክለኛውን ሰዓት በጣታችን እናሳያለን። እንግዳው ግን ሁልጊዜም የሚያየው የእሳቸውን ፊት ነው። ፊታቸው ላይ ደግሞ ቅንጣት ውሸት የለማ!

አንድ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ መሐንዲስ የውሃችንን ምንጭ ልይ ብሎ መጣ። «እዚችው ጋ ናት» አሉት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጥቶ፣ አመሻሽ ላይ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ሊጣላቸው ነው ብለን ሥራ ፈትተን ተሰበሰብን። ሰውየው አጠገባቸው ቁጭ አለና፣ «ከቋጥኙ ውስጥ እንዲያ ሲወጣ… በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውሃ አይቼ አላውቅም» አለ። ጋሽ እዚችው በኩራት ዞር ብለው አዩን። እኛም አፍረን ተበተንን።

የእኔና የባለቤቴን ቁም ሳጥንም ያስወጡት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴና ሦስት ጓደኞቹ ከመኪናው ማቆሚያ እስከ ቤታችን ሲሸከሙ፣ ጋሼ አንዲት መሳቢያ ብቻ በብብታቸው ይዘው ከፊት ከፊት እየሄዱ «አንድ ትንፋሽ ቀራችሁ!» ይሉ ነበር። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ ሸክም አይፈራም። እስከ ዛሬ ግን ቁም ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር፣ «በዚያን ቀን የተነፈስኩት ለሁለት ሰው ዕድሜ ይበቃል» ይላል።

አንዲት አስተማሪም አለች። የተመደበች ቀን ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ሥር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ «በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ» ብላ ስታለቅስ ጋሼ አገኟት። ሻንጣውን ተሸክመው፣ «ነይ ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ እዚችው ጋ ናት» ብለው አወጧት። ይኸው ስምንት ዓመቷ ነው። ለምን አልሄድሽም ስትባል፣ «ትንፋሼ ሲመለስ ተጣልቻቸው እሄዳለሁ» ትላለች።

በዚህ ነገር ከሁሉም በላይ የተጎዳች ባለቤታቸው ናት። እትዬን የሚበልጥ ምስክር የለም። «ሲያገባኝ ቤቴ እዚችው ጋ ናት፣ እናትሽ ስትጣራ ትሰሚያታለሽ አለኝ» ትላለች። «ሁለት ቀን ተጓዝን! በሁለተኛው ቀን፣ አንተ ሰውዬ፣ እናቴ ብትጣራ የምሰማት ይመስልሃል? ብለው፣ ጮክ ካለች አለኝ።» ይህን ስትናገር መጀመሪያ ትቆጣለች፤ ወደ መጨረሻው ግን ሁልጊዜ ትስቃለች።

እኔም እንደ ሁሉም ሰው እስቅባቸው ነበር። የሳቄ ልክ የተለወጠው በፈተናው ሰሞን ነው።

በሸንተረሩ ማዶ ባለው ከተማ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሦስት የመዝገብ ሠራተኞች ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ጽሕፈቱ የሚነበብ ይላል። ሁለቱንም ነኝ። ከጨረስኩ አምስት ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁለት ፈተና አምልጦኛል። አንዱ እርጉዝ ሆኜ ሐኪሙ አትንቀሳቀሺ ሲለኝ፣ አንዱ ደግሞ ወሬውን የሰማሁት ፈተናው ካለፈ በኋላ ስለነበር። የምስክር ወረቀቴ ከልጄ ከሚጣ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ ፍራሽ ሥር ነው የሚቀመጠው። ካርዷን ላወጣ በገባሁ ቁጥር እሱም አብሮ ይወጣና ፊቴን አይቶ ይመለሳል። የአሁኑ ሦስተኛዬ ነበር። ይህም ካለፈኝ አራተኛውን የምጠብቅበት ልብ እንደማይኖረኝ አውቄዋለሁ።

ፈተናው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ማታ ዝናቡ የኮረብታውን ጎን ገምሶ የመኪናው መንገድ ላይ ጣለው። ረቡዕ ከሰዓት ባለቤቴ እንደ ሌሎቹ ወንዶች አፈር ሲዝቅ ውሎ መጣና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«በሳምንትም አይከፈትም» አለኝ። «በቃ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትፈተኛለሽ።»

እኔ ህልም ላይ የምቆይ ሴት አይደለሁም። መኪና የለም፤ የእግሩን መንገድ አላውቀውም፤ ሚጣ አሥር ወሯ ነው፣ ጡት ትጠባለች። ደምሬ ደምሬ ሳበቃ ፌስታሉን ወደ ፍራሹ ሥር መለስኩት። ግን በእኛ ከተማ ከላይ የሚኖር ሰው ከታች የሚወራውን ሁሉ ይሰማል። ጋሽ እዚችው ከእኛ ጣሪያ በላይ ካለው ደጃፋቸው ብቅ አሉ።

«ምንድነው እሱ የሚቀጥለው ጊዜ?»

«ጋሼ፣ መንገዱ ተዘጋ እኮ።»

«የመኪናው ነዋ! የእግሩን ማን ዘጋው? በሸንተረሩ እዚችው ጋ ናት። ሁለት ሰዓት ብትሄጂ ነው። ቁርሳችንን እዚያ እንበላለን።»

ባለቤቴ እኔን ብቻ እያየ አሥር ጣቶቹን ዘረጋ፤ ትንሽ አሰበና አጥፎ ደግሞ አራት ጨመረበት። እኔ ግን እንደ እንግዳ ሰው ያየሁት የእሳቸውን ፊት ነው።

«እሺ» አልኩ።

«ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንኳኳለሁ» ብለው ገቡ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ለሁለት ሰዓት መንገድ፣ ለአራት ሰዓት ፈተና፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ለምን እንደሚነሳ አልጠየቀችም። ሒሳቡ ያኔ አልመጣልኝም።

በትክክል በአሥራ አንድ ሰዓት አንኳኩ። ሚጣን አዘልኩ፤ እሳቸው ዳቦና ውሃ የያዘች ከረጢት አንገታቸው ላይ አጠለቁ፤ ወጣን። የመጀመሪያውን ዳገት ስንጨርስ ከተማችን ታች ነበረች፤ ሁለተኛውን ስንጨርስ ከተማ የለም። ደመናው ሸለቆውን ሁሉ ሞልቶ እንደ ወተት ረግቷል፤ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ከላዩ ብቅ ብቅ ብሏል። ፀሐይዋ ስትወጣ ወተቱ መጀመሪያ ወርቅ ሆነ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሚጣ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ «እ!» አለች። እኔም ከዚያ የተሻለ ቃል አልነበረኝም። ጋሽ እዚችው ዱላቸውን ተደግፈው፣ ራሳቸው የሠሩት ይመስል፣ እስክንጠግብ ድረስ አቆዩን።

«ደረስን ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«ደርሰናል! ከዚያች ዛፍ ወዲያ ናት።»

ዛፍ የሚባል አይታይም።

ሦስተኛው ዳገት፣ አራተኛው ዳገት። ጭቃው ጫማዬን ይይዛል፣ እኔ እነቅላለሁ፣ እሱ ይይዛል። የሚጣ ክብደት በእያንዳንዱ ዳገት አንድ ኪሎ የሚጨምር መሰለኝ። አንድ ቦታ ላይ የውሃው ቧንቧ ከመሬት ወጥቶ በመንገዱ ዳር ይሄድ ጀመር። ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ጋሼ ቧንቧው በተጋጠመበት ሁሉ በዱላቸው ቀስ ብለው መታ ያደርጉና ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠጋ አልኩ።

«…አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሁለት… አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሦስት…»

«ጋሼ፣ ስንት ቀረን?»

«እህ? እዚችው ጋ ናት!» አሉ ጮክ ብለው። ወዲያው ወረድ ባለ ድምፅ፣ «…አራት…»

ቆምኩ። ይሄን መስመር ከምንጩ አንስቶ ወደ ሁለቱም ከተሞች የዘረጉት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት በየቀኑ ተመላልሰውበታል። እኚህ ሰው እያንዳንዱን ግጥሚያ ያውቁታል! አፋቸው ሌላ ይናገራል፣ ከምላሳቸው ሥር ሌላ ይቆጠራል።

«ከእኛ ገንዳ እስከ እነሱ ገንዳ ስንት ቧንቧ ነው?» አልኳቸው።

ዱላቸውን ወደሚቀጥለው ግጥሚያ ሰነዘሩ።

«ጋሼ!»

«ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት» አሉ፣ በስርቆት እንደተያዘ ሰው።

አንዱ ቧንቧ ስድስት ሜትር ነው። አባዛሁት። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ወጣ። ግማሹ ገና ይቀራል። ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩና እንባዬ መጣ። የባለቤቴ አሥራ አራት ጣት ለካ ኪሎ ሜትር ነበር።

«ሰው ለምን ያታልላሉ? እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም!»

«ማን አታለለሽ?» እውነት ነው የምላችሁ፣ ተቆጡ። «ትናንት ማታ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ብልሽ፣ አሁን የት ነበርሽ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን። ፍራሹ ላይ፣ ከፌስታሉ በላይ።

«አሥራ አራቱን አንድ ላይ የሚሄድ ሰው አላየሁም» አሉ፣ ከረጢታቸውን እየፈቱ። «እኔም ስዘረጋው አንድ ቧንቧ ነው የዘረጋሁት። ከዚያ ደግሞ አንድ። ይልቅ ልጅቷን አጥቢና ዳቦሽን ብዪ። ጊዜ አለን።»

ያኔ የአሥራ አንድ ሰዓቱ ገባኝ። በአፋቸው ሁለት ሰዓት ብለው፣ በልባቸው አምስት ሰዓት ይዘው ነው የመጡት። የማጥቢያውን ጊዜ እንኳ ቆጥረውታል።

ሸንተረሩን ጨርሰን ስንወርድ ከተማው ታየ። ቆርቆሮዎቹ ከታች ያብረቀርቃሉ፣ መኪና ይሰማል። ሰዓቴ ሦስት ተኩል ይላል። መንገዱ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ጎኑን ይዞ ይዞራል፣ ሌላው በቀጥታ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ቁልቁለቱ አንድ እርምጃ ስሄድ ዱላቸው ከፊቴ ተጋረደ።

«በዚያ ሩቅ ነው» አሉ።

ሩቅ! ይህ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው በከተማችን የለም። የምንዛሪ ሠንጠረዣችን ላይም አልገባም። «እዚችው ጋ» አንድ ሰዓት ከሆነ «ሩቅ» ስንት ቀን ነው?

«ጋሼ፣ ከተማው ይኸው እኮ ነው! ሰዓት የለኝም! በዚህ አሥር ደቂቃ ነው!»

«ሩቅ ነው አልኩሽ፣ ልጄ።»

አልተቆጡም፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ተከተልኳቸው፤ አኩርፌ፣ በዙሪያው፣ እየሮጥኩ። ከተራራው ወገብ በታች ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁ። ያ የቁልቁለት መንገድ ከላይ በደንብ ይጀምርና መሃል ላይ አይኖርም። ሥሩን ዝናቡ በልቶታል፤ ቀጭን የሣር ጠርዝ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ ቆመን ግን ምንም አይታይም ነበር። የሚጣን እግሮች በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

«እንዴት አወቁ?»

«ውሃው ጠፋብኝ» አሉ። «ሁልጊዜ እዚያ ላይ ሲወርድ ይሰማል። ዛሬ ዝም አለ። ውሃ ዝም ካለ ሌላ መንገድ አግኝቷል።»

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ደረስን። ጥበቃው ከእግሬ እስከ ወገቤ ያለውን ጭቃ አየና፣ «ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም» አለ። ጋሼ ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጅ መያዝ ያውቁበታል?» አልኩ ፈራ ብዬ።

«ስድስት አሳድጌያለሁ!»

(እትዬ በኋላ ይህን ስትሰማ፣ «አሳደግኩ? እሱ የሚያውቀው የቧንቧ ልጅ ነው» ብላለች።)

ወንበሬ መስኮት አጠገብ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልገልጥ የሚጣ ልቅሶ ተሰማኝ። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ደረቴ በራሱ ጊዜ ወተቱን አወረደ፣ ፊደሉ ተደበላለቀብኝ። ብዕሬን አስቀምጬ ልነሳ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ድምፃቸው መጣ፤

«እሹሩሩ… አይዞሽ… እናትሽ እዚችው ጋ ናት። እዚችው ጋ።»

በእኔና በእነሱ መካከል አንድ ግድግዳ ነው ያለው። ሜትርም አይሞላም። ብዕሩን አነሳሁ።

ውጤቱ በሁለት ሳምንት እዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ተባለ። ሁለት ሳምንቱ ሲደርስ የመኪናው መንገድ አሁንም አልተከፈተም፤ ሚጣ ደግሞ አተኮሳት። የሚሄድ ሰው እስካገኝ ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያን ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ ከላይ ተጣራች።

«ሰውዬውን አላየሽውም? ሲነጋ ብነቃ የለም!»

ገበያ ጠየቅን፣ ልብስ ሰፊውን ጠየቅን፤ ያየው የለም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በደረጃው ላይ፣ እያንዳንዷን ደረጃ በሁለት እግራቸው እየረገጡ፣ ብቅ አሉ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ወደ ቤታቸው አልወጡም፤ የእኔ ደጃፍ ላይ ቆመው ግድግዳውን ያዙ።

«ቁጥርሽ መቶ ስድስት አይደለም?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሦስት ቁጥር ነው የተለጠፈው። ሁለተኛው መቶ ስድስት ነው። ጥበቃውን ሦስት ጊዜ አስነብቤዋለሁ። ሰኞ ግቢ ብለውሻል፤ ማደሪያም ለሠራተኛ አላቸው።»

ባለቤቴ ያልፈሰሰውን ውሃ እንደፈሰሰ አድርጎ ይጠርግ ጀመር፤ ሲደነግጥ እንዲህ ያደርገዋል። እኔ ሚጣን እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ግን ከላይ እየወረደች ነበር፣ አፏም ከእሷ ቀድሞ።

«አንተ ሰውዬ! በዚህ ጉልበትህ! ደርሶ መልስ! ብትወድቅ ማን ያነሳሃል? ቧንቧው?»

ወንበር ላይ አስቀምጣ ጫማቸውን ስታወልቅ ካልሲው ከተረከዛቸው ጋር ተጣብቋል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረብኩ። እግራቸውን አየሁት። ሠላሳ ዓመት ያንን ሸንተረር የለኩበት እግር ነው፤ ጣቶቹ ወደ ጎን ዞረዋል፣ ተረከዙ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ ዛሬ ደግሞ በሁለት ቦታ ይደማል። የደመናውን ባሕር ያየሁ ቀን እንኳ እንደዚያ ቃል አላጠረኝም።

«ቅርብ ነው በል እስቲ አሁን!» አለች እትዬ፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ቀስ አድርጋ እያስገባች።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዛሬስ ትንሽ ረዘመብኝ» አሉ።

እትዬ አንገቷን ደፋች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቀችውን ነገር ሰምታ፣ ጭቃውን ከጣቶቻቸው መሃል በቀስታ ታጥብ ጀመር።

እኔ የማመሰግንበትን ንግግር በልቤ ሳዘጋጅ ቆይቼ፣ ሚጣን ለአባቷ ሰጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ «ጋሼ…» ስል አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እትዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አንዱን እግር እሷ፣ ሌላውን እኔ ከውሃው አውጥተን፣ እንዳይነቁ ቀስ እያልን አደረቅናቸው።